ከራሴ ግድግዳ ጋር የተላተምኩበት ክረምት

ስሜ ይበልጣል ነው። ከማን እንደምበልጥ አባቴ ሳይነግረኝ ነው ያለፈው።

አሰላ ውስጥ በአንድ የአሽከርካሪዎች ማሰልጠኛ ሃያ ሁለት ዓመት አስተምሬአለሁ። ከዚህ ተነስቶ ወደ ዴራ በሚወርደው መንገድ ላይ መሪ ይዞ ከሚያልፈው ሰው ግማሹ አንድ ቀን እኔ አጠገብ ተቀምጦ ላብ ያጠመቀው ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት አንድም ቀን ተጋጭቼ አላውቅም። ይህንን ለአዲስ ሰልጣኞች በመጀመሪያው ቀን እነግራቸዋለሁ። እንዳይረሱት ደግሞ በየሳምንቱ አስታውሳቸዋለሁ። ባለቤቴ ራሄል፣ “መኪና አልገጨህም እንጂ በወሬው ሰው ጨርሰሃል” ትለኛለች።

አስተምራለሁ ስል እጮኻለሁ ማለቴ ነው። “ፍሪሲዮን! ፍሪሲዮኑን እርገጥ!” የሚለው ድምፄ ከመለማመጃው ሜዳ አልፎ እህል ተራ ድረስ ይሰማል። የጮኽኩበት ሰው እንደሚማር አምን ነበር። ያልተማረ ከተገኘም አልጮኽኩበትም ማለት ነው ብዬ እጨምርለት ነበር።

በዚያ ዓመት ብዙ ከጮኽኩባቸው ሰዎች አንዷ አዴ ሀሊሜ ናቸው። የጢቾ ነጋዴ ናቸው፤ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ከገበሬው ሰብስበው አሰላ ያመጣሉ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። የቀጠሩት ሾፌር እየቀረ ድንቹ ሲበሰብስባቸው፣ “እኔው ራሴ እነዳዋለሁ” ብለው መጥተው ተመዘገቡ። የጽሑፉን ፈተና በአንድ ጊዜ አለፉ። በተግባሩ ግን ሁለት ጊዜ ወደቁ። ሁለተኛ በወደቁበት ቀን ሰልጣኙ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ “አዴ ሀሊሜ፣ እርስዎና መኪና ለመገናኘት አልተፈጠራችሁም” አልኳቸው። ሰው ሳቀ። እሳቸው ነጠላቸውን አስተካክለው ወጡ። እኔ ጥሩ የቀለድኩ መስሎኝ ነበር።

ሐምሌ ላይ ለጽሑፍ ፈተና መለማመጃ የሚሆኑ አራት ኮምፒዩተሮች ወደ ትምህርት ቤታችን ገቡ። እርስ በርስ ያገናኛቸው ዲሪባ ነው። ዲሪባ ከግቢያችን ፊት ለፊት ትንሽ ሱቅ ያለው የኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ከቢሮው ውስጥ ጩኸትና ሳቅ ሰምቼ በሩን ብከፍት ዲሪባና ተማሪ የምትመዘግበው ሰኪና ጎን ለጎን ተቀምጠው ቁልፍ ይቀጠቅጣሉ።

“ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ መጫወቻ?” አልኩ።

“መስመሩ መሥራቱን እያየሁ ነው ጋሼ” አለ ዲሪባ። “ሁለቱም ላይ አንድ ጨዋታ ከተከፈተ መስመሩ ደህና ነው ማለት ነው።”

“ለማየት መሳቅ ያስፈልጋል?”

“ይምጡ እስቲ፣ አንዴ ይሞክሩት። የሞተር ውድድር ነው። እርስዎ ሾፌር አይደሉ እንዴ?”

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። ሾፌር አይደለህም ወይ ተብሎ ዝም የሚል ሰው አለ፤ እኔ ግን አይደለሁም። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ስክሪኑ ጥቁር ነው። መሬቱ ልክ እንደ ሒሳብ ደብተር በቀጫጭን መስመር ተከፋፍሏል። በላዩ ላይ ሞተር ብስክሌቶች ይሮጣሉ፤ የእኔ ቀይ፣ የሰኪና ቢጫ፣ የዲሪባ ሰማያዊ። ሞተሩ በሄደበት ሁሉ ከኋላው እንደ ግድግዳ የቆመ ብርሃን ይተዋል። ግድግዳ የነካ ይፈነዳል፤ የሌላ ሰውም ይሁን የራሱ። ዞሮ ዞሮ ሳይሞት የቀረው አንድ ሰው ያሸንፋል። በአንዷ ቁልፍ ወደ ግራ፣ በሌላዋ ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ እጥፉም ልክ እንደ ሳጥን ጥግ ነው፣ ዘወር ማለት የሚባል ነገር የለም።

“ፍሬኑ የት ነው?” አልኩት።

“ፍሬን አለው ጋሼ፣ ግን ትንሽ ያቀዘቅዘዋል እንጂ አያቆመውም። መጀመሪያ ግራና ቀኙን ይልመዱ።”

“የማያቆም ፍሬን ፍሬን አይባልም” አልኩ፣ አስተማሪ ስለሆንኩ። ማብራራቴን ስቀጥል ለካ ጨዋታው ተጀምሯል። ቀና ስል ቀይዋ ሞተር የለችም።

“ማነው የገጨኝ?”

“ማንም አልገጨዎትም። የሜዳው ጥግ ነው” አለች ሰኪና።

በሁለተኛው ዙር ነቃሁ። ጥጉ ሳይደርስ ወደ ግራ ታጠፍኩ። ደስ አለኝና ደግሜ ወደ ግራ ታጠፍኩ። አሁንም ግራ። አራተኛውን ግራ ስታጠፍ ፊቴ ላይ አንድ ቀይ ግድግዳ ቆሞ አየሁ። “የማነው ይሄ?” ብዬ ሳልጨርስ ፈነዳሁ። የራሴ ነበር። በሦስተኛው ዙር ሰኪና ከቀኜ መጣችብኝ። ከቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ይሰጣል ብዬ ስንት ሺህ ሰው አስተምሬአለሁ፤ እጄ ራሱ ፍሬኑን ተጫነ። ቅድሚያ ሰጠኋት። እሷም ቅድሚያዋን ወስዳ ፊቴን ዘጋችው። በአራተኛው ሞተሬ ስትታጠፍ እኔም ከነወንበሬ አብሬ ታጠፍኩ፤ ዲሪባ በትከሻው ባይደግፈኝ ወለሉ ላይ ነበርኩ።

ሲያልቅ የስም ዝርዝርና ነጥብ መጣ። ዲሪባ ስሜን ጽፎልኝ ኖሯል። ሰኪና ጮክ ብላ አነበበችው፦

“ይበልጣል፣ ዜሮ።”

“ዜሮ ከምን ነው የሚበልጠው?” አለ ዲሪባ። ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ተደፍተው ሳቁ።

“ቁልፉ ይዘገያል” አልኩ። ወንበር ቀያየርን። ቁልፉ እዚያም ዘገየ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ከሥራ አንድ ሰዓት ቀድሜ መግባት ጀመርኩ። ለራሄል “ፋይል አለብኝ” አልኳት። ፋይሉ ቀይ ሞተር ነው። ኮምፒዩተሩ ራሱ ከሚነዳቸው ተወዳዳሪዎች ጋር ብቻዬን እለማመድ ነበር። ደብተርም ያዝኩ። በደብተሬ የመጀመሪያ ገጽ፣ “ከሌላ ሰው ግድግዳ አጠገብ ተጠግቶ የሄደ ሞተር ይፈጥናል” ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት። ነገሩ እውነት ነው፤ ግድግዳው በቀረበህ መጠን ሞተሩ ይነሳሳል። ዕድሜዬን በሙሉ “ርቀትህን ጠብቅ” ስል የኖርኩ ሰው በሃምሳ አንድ ዓመቴ ከግድግዳ ጋር ጉንጭ ለጉንጭ መሄድ ስለማመድ ታዩኛላችሁ። አንድ ጠዋት ጥበቃችን ጋሽ ገብረ መድህን በመስኮት አንገታቸውን አስገቡ።

“ይበልጣል፣ በጠዋቱ ማንን ነው ይቅርታ የምትለው?”

ለካ በተጋጨሁ ቁጥር “ይቅርታ” እላለሁ።

ኔትወርኩ ደህና በሆነ አንድ ቀን ዲሪባ ከሌላ አገር ሰዎች ጋር የሚያጫውተውን ዝርዝር አሳየኝ። ገባሁ። ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ይቀድማል ብዬ “እንደምን ዋላችሁ፣ ከአሰላ ነኝ፣ የመንጃ ፈቃድ አሰልጣኝ ነኝ” ብዬ በእንግሊዝኛ መጻፍ ጀመርኩ። የሚጽፍ ሰው ግን አይነዳም። “ከአሰላ” ላይ ስደርስ ሞቼ ነበር። ቀጥዬም እየተመላለስኩ ሞትኩ። ከአሥራ ሁለተኛው ሞቴ በኋላ አንዱ፣ “አንተ ማሽን ነህ እንዴ?” ብሎ ጻፈልኝ።

ደስታዬ ወሰን አጣ። “አመሰግናለሁ፣ ገና ጀማሪ ነኝ” ብዬ መለስኩለት። ከሰዓት ለሰኪና በኩራት ነገርኳት፤ የውጭ ሰው ማሽን ነህ አለኝ አልኩ። ሰኪና ለዲሪባ ነገረችው። ዲሪባ መሬት መሬት እያየ፣ “ጋሼ፣ ማሽን የሚሏቸው ኮምፒዩተሩ ራሱ የሚነዳቸውን ነው። ሰው ሲጎድል ቦታ እንዲሞሉ የሚገቡትን…” አለኝ።

“እነሱ ጎበዝ አይደሉም?”

“ብዙም አይደሉም።”

የሚብሰው ነገር የመጣው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ሰልጣኞቹ መጠለያው ሥር ተሰልፈው መኪና ይጠብቃሉ። እኔ ትንሿን ነጭ የመለማመጃ መኪና ከውጭ ይዤ ስገባ የግቢው በር ግድግዳ በስተግራዬ መጣ። ምን እንደነካኝ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ፤ በዚያን ቀን ጠዋት ስድስት ዙር ተጫውቻለሁ። ግድግዳውን ሳየው ልቤ “ተጠጋው” አለኝ። ተጠጋሁት። የግራ ስፖኪዮዋ ቀጭ ብላ ወደቀች።

“ኧረ አንተ ይበልጣል!” አሉ ጋሽ ገብረ መድህን። “በሩ እኮ የጭነት መኪና ያስገባል!”

ማንም አልሳቀም። ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። የሃያ ሁለት ዓመት ጉራዬን የሰማ ሁሉ እዚያ ተሰልፎ ነበር። ከሰልፉ የወጡት አዴ ሀሊሜ ብቻ ናቸው። ስፖኪዮዋን ከጭቃ ላይ አንስተው በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው በመስኮት ሰጡኝ።

“አላህ ከዚህ የባሰ አያምጣ” አሉ።

ወዲያው ዝናቡ ወረደ። የጪላሎ ዝናብ እንደ ጀመረ አይጨርስም፤ ሜዳው ሐይቅ ሆነ፣ ልምምዱ ቀረ። አብዛኛው ሰው ተበተነ። አዴ ሀሊሜ የጢቾ መኪና እስኪያገኙ ቢሮ ገብተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ዲሪባና ሰኪና ጨዋታውን ከፈቱ። አራተኛው ኮምፒዩተር ባዶ ነበር።

“አዴ ሀሊሜ፣ ይምጡ እስቲ ይጫወቱ” አልኩ።

ደግ ሰው መስዬ ነው። እውነቱን ልናገርና፣ በዚያን ቀን የማሸንፈው አንድ ሰው በጣም አስፈልጎኝ ነበር።

መጡና ተቀመጡ። ሁለቱን ቁልፍ አሳየኋቸው። ጨዋታው ሲጀመር የራሴን ትቼ ከኋላቸው ቆሜ ማስተማሬን ቀጠልኩ። “ግራ! ግራ ብያለሁ! ኧረ ሚርጋ! ቀኝ ማለቴ ነው፣ ቀኝ!” አረንጓዴዋ ሞተራቸው ጥጉ ላይ ፈነዳች። አዴ ሀሊሜ ዞር ብለው አዩኝ።

“መምህር፣ የራስዎን ይንዱ።”

የራሴማ ገና ዱሮ ሞታለች።

በሁለተኛው ዙር አርፌ ተቀመጥኩ። ዲሪባና ሰኪና እርስ በርስ ሲዘጋጉ አብረው ፈነዱ። እኔና አዴ ሀሊሜ ቀረን። እሳቸው ወደ አንዱ ጥግ ሄደው፣ ገበሬ ማሳ እንደሚያርስ፣ ወደ ላይ አንድ መስመር፣ ወደ ታች አንድ መስመር፣ መስመር ከመስመር ሳያነካኩ ይመላለሳሉ። ምንም አይቸኩሉም። እኔ መጨረሻቸው ደረሰ ብዬ በሙሉ ፍጥነት መጣሁ፤ በደብተሬ እንደ ጻፍኩት ግድግዳቸውን ተጠጋሁ፣ ሞተሬ ፈጠነች፣ ደስ አለኝ፣ አለቅሁ።

“ቀይዋ የት ሄደች?” አሉ አዴ ሀሊሜ።

“ቀይዋ እኔ ነኝ።”

“አልሃምዱሊላህ!” አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

ከአምስቱ ዙር ሦስቱን እሳቸው ወሰዱ። እኔ የወሰድኩትን አትጠይቁኝ። በመሃሉ መቼ እንደሆነ ሳላውቅ እርስዎ መባሌ ቀርቶ አንተ ሆኛለሁ። “አንተ እኮ ትቸኩላለህ” ይሉኛል። “ቦታ ሳታይ ትገባለህ።” ይህን ሁሉ ዓመት እኔ ለሰው ስናገረው የኖርኩት ቃል ነው፤ ለእኔ ሲነገረኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

በመጨረሻ አላስቻለኝም።

“አዴ ሀሊሜ፣ እንዲህ ከቻሉ መኪናው ላይ ለምን ያቅትዎታል?”

“መኪናው ላይማ አንተ አለህ።”

ሰኪና እጇን ከቁልፉ ላይ አነሳች። አዴ ሀሊሜ ያለ ቁጣ ነው የተናገሩት፤ የድንች ዋጋ እንደሚነግር ሰው።

“ሞተሩ ማርሽ ቀይሪ ሲለኝ እሰማዋለሁ። የባሌም የወንድሜም መኪና ላይ ዕድሜዬን ሁሉ ተቀምጬ ነው የኖርኩት። አንተ ስትጮህ ግን ሞተሩን አልሰማውም። ደግሞ ግራ ስትል በአማርኛ ነው፣ ቀኝ ስትል በኦሮምኛ። ስትደነግጥ ታቀላቅለዋለህ። እኔ የቱን ልታጠፍ?”

“እንዲህ አደርጋለሁ እንዴ?” አልኩ ወደ ሰኪና ዞሬ።

“ያደርጋሉ ጋሼ” አለች። “የሚመዘገቡ ሰዎች አስቀድመው ይጠይቁኛል፤ ያ የሚጮኸው ሰውዬ ነው ወይስ ሌላው ነው የሚያስተምረን ብለው።”

“ምን ትያቸዋለሽ?”

“ሌላው ነው እላለሁ።”

በዚያ ምሽት ራት አልበላ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ካልተጋጨሁበት ምክንያት አንዱ ማንም ከእኔ ጋር መንዳት ስለማይፈልግ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ለራሄል የስፖኪዮዋን ነገር ብቻ ነገርኳት።

ዝናቡ ፋታ በሰጠበት በሚቀጥለው ሐሙስ ከአዴ ሀሊሜ ጋር በኢተያ መንገድ ወጣን። ዝም ልል ወስኛለሁ። ዝምታን ግን ማንም አላስተማረኝም፤ ስለዚህ አፌን የሚይዝልኝ ነገር ፈልጌ ከሱቅ ከረሜላ ገዛሁ። አንዱን አፌ ውስጥ ከተትኩና “በሉ እንሂድ” አልኩ። ሄድን። ማርሹን ራሳቸው ቀየሩ። ፍሬቻ አሳዩ። ስፖኪዮ አዩ፤ አዲሱን። እኔ ሁለቱን እጆቼን ጉልበቴ ሥር አድርጌ ተቀምጫለሁ። ሦስተኛው ከረሜላ ላይ ስንደርስ ገብስ የጫነ የፈረስ ጋሪ ድንገት ከመጋቢ መንገድ ወጣብን። “ፍሬን!” ልል አፌን ከፈትኩ፤ ከረሜላው ቀድሞ ወደ ጉሮሮዬ ገባ።

ትንፋሽ አጠረኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። አዴ ሀሊሜ ፍጥነታቸውን ቀንሰው ጋሪውን አሳለፉ፣ ስፖኪዮ አዩ፣ የቀኝ ፍሬቻ አሳዩ፣ ከአስፋልቱ ወጥተው ጠርዙን ሳይነኩ አቆሙ፣ የእጅ ፍሬን ሳቡ፣ ማርሹን ዜሮ አደረጉ፣ ከዚያ ጀርባዬን በመዳፋቸው ሁለት ጊዜ መቱኝ። ከረሜላው ዳሽቦርዱ ላይ ወደቀ። በሥራ ዘመኔ ካየሁት የመኪና አቋቋም ሁሉ እንደዚያ ያማረ አላየሁም። ልነግራቸው ፈለግሁ፤ ግን ገና ሳል ላይ ነበርኩ።

“በል ውሃ ጠጣ” አሉኝ።

ነሐሴ ላይ ተፈትነው አለፉ። እኔ ሜዳው አጠገብ ቆሜ ነበር፤ ፈታኙ አንዴም ሳይናገር ወረቀቱ ላይ ሲፈርም አየሁት። ለካ በጸጥታም ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ጩኸት ሙሉ በሙሉ ትቻለሁ ብል ሰኪና ስለምትሰማኝ አልልም። ቀንሻለሁ። ቢያንስ ግራና ቀኙን በአንድ ቋንቋ ነው የምጮኸው። መስከረም ላይ አንድ ሰው ሲመዘገብ ሰኪናን “የሚጮኸው ነው ወይ?” ሲላት ሰምቼ ጆሮዬን ጣል አደረግሁ። “አሁን ሳል ይዞታል” አለችው።

አዴ ሀሊሜ በገበያ ቀን ፒካፓቸውን ራሳቸው እየነዱ ከጢቾ ይመጣሉ። ሽንኩርቱን አራግፈው ሲጨርሱ ግቢያችን ውስጥ አቁመው ወደ ቢሮ ይገባሉ፤ “አለች ያቺ ሞተራችሁ?” ይላሉ። አራታችን በምሳ ሰዓት እንጫወታለን። ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የምሞተው እኔ ስለሆንኩ ሻይ የማዝዘውም እኔ ነኝ፤ ሥራ ፈትቼ ስለምቀመጥ።

ጥቅምት ውስጥ አንድ ቅዳሜ እንደ ልማዳችን ተቀመጥን። ጨዋታው ተጀመረ። አንዴ ታጠፍኩ፣ ሁለቴ ታጠፍኩ። ከራሴ ግድግዳ ለመውጣት እየታገልኩ ሳለ ስክሪኑ ድንገት ቆመና ጽሑፍ መጣ።

“ደግሞ ሞትኩ” ብዬ ተነሳሁ። “ሻዩ ስንት ይሁን?”

ዲሪባ ስክሪኑን አየ፣ ሰኪና ዲሪባን አየችው።

“ጋሼ፣ አሸነፉ እኮ” አለች።

“ማን?”

“እርስዎ።”

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ለካ ዲሪባና ሰኪና ገና ከመጀመሪያው ተላትመዋል። አዴ ሀሊሜ ደግሞ የሽንኩርት ደንበኛ ደውሎላቸው በሁለት እጃቸው ስልክ ይዘው፣ አረንጓዴዋ ሞተር ቀጥ ብላ ሄዳ ግድግዳ ገብታለች። አሁንም እያወሩ ነው። “ኪሎውን በዚያ ዋጋ አልሰጥም” ይላሉ። እኔ ማሸነፌን አላዩም።

“ይሄ ይታተማል?” አልኩት ዲሪባን።

“ምኑ ጋሼ?”

“ስሜና ነጥቡ። በወረቀት።”

“አይታተምም።”

ወደ ውጭ ወጥቼ ለራሄል ደወልኩ።

“ራሄል፣ የሞተር ውድድር አሸነፍኩ!”

“በዚህ ዕድሜህ ሞተር ላይ ወጣህ? የት ነው ያለኸው?”

“ቢሮ ነኝ።”

“ሞተር ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል?”

ከመጀመሪያው ጀምሬ አስረዳኋት፤ ኮምፒዩተሩን፣ ብርሃኑን፣ ግድግዳውን፣ ጠዋት ጠዋት ፋይል ያልኳትንም ጭምር። እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

“ታዲያ ማንን ነው ያሸነፍከው?”

“ሁለቱ እርስ በርስ ተጋጩ። አንዷ በስልክ እያወራች ነበር።”

ድስት ስታማስል ይሰማኛል።

“እንኳን ደስ ያለህ” አለችኝ። “ስትመጣ ቲማቲም ይዘህ ና።”